ብቻውን የሚፈርድ ጀግና

አንድ ጀግና ብቻውን ብዙ ክፉዎችን ድል ሲነሣ የሚያሳይ መጽሐፍ አንባቢውን እጅግ ደስ ያሰኘዋል። አንዱን በጨረሰ ጊዜ ሁለተኛውን ይሻል፤ ሁለተኛውንም በጨረሰ ጊዜ ሦስተኛውን ይፈልጋል። ይህ ስለ ምን ይሆናል?

ሊ ቻይልድ በሚባል የብዕር ስም የታወቀ አንድ እንግሊዛዊ ደራሲ አለ። ይህ ሰው በፈረንጅ አቆጣጠር በ1995 ዓ.ም. በማንቸስተር ከተማ ይሠራው ከነበረው የቴሌቪዥን ሥራ ተሰናበተ። ነገር ግን ተስፋ ሳይቆርጥ መጻፍ ጀመረ፤ በ1997 ዓ.ም. ጃክ ሪቸር የተባለውን ጀግና የሚተርከው የመጀመሪያው መጽሐፍ ታተመ። ከዚያም ሌሎች ብዙዎች ተከተሉ።

ሪቸር በታሪኩ ውስጥ አስቀድሞ በአሜሪካ ጦር የወታደር ፖሊስ ሻለቃ ነበረ። ሥራውን ከተወ በኋላ ግን ከከተማ ወደ ከተማ ይዞራል። ቤትም ሻንጣም የለውም፤ በኪሱ ታጣፊ የጥርስ ብሩሽ ይይዛል። በደረሰበት ስፍራ ግፍ ሲሠራ ቢያይ ግፈኞቹን ቀጥቶ መንገዱን ይቀጥላል።

በዓለም የተበደለ ሰው ፍርድን ሲጠብቅ ብዙ ወራት ያልፋሉ፤ አንዳንዱም ፍርዱን ሳያይ ይሞታል። በመጽሐፉ ግን ግፈኛው ከመጨረሻው ገጽ በፊት ዋጋውን ያገኛል። ጣፋጭነቱ ከዚህ የተነሣ ነው።

ይሁን እንጂ ሪቸር የማይሳሳተው በደለኛው ማን እንደ ሆነ ደራሲው አስቀድሞ ስለ ወሰነለት ነው። በእውነተኛው ኑሮ እንዲህ ያለ ደራሲ ያለው ሰው የለም። በጥርጣሬ ብቻ የሚመታ ብርቱ ሰው ንጹሑን ሊመታ ይችላል። የፍርድ መዘግየት ያስመርራል፤ ነገር ግን ሁለቱን ወገን ሰምቶ ምስክር መጠየቅ የንጹሕ ሰው አጥር ነው። ደግሞም ጀግናው በማግስቱ ይሄዳል። የሞተውን የሚቀብር፣ ያዘነውን የሚያጽናና፣ የፈረሰውን የሚሠራ ጎረቤት ነው።

ስለ ብቸኛው ጀግና የጻፈው ደራሲ ራሱ ዕድሜው ሲገፋ ብቻውን አልቀጠለም፤ ከ2020 ዓ.ም. ጀምሮ ከወንድሙ ከአንድሩ ጋር ጻፈ። ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ እንደ ተባለ ነው።

ስለዚህ አስተዋይ አንባቢ እንዲህ ያለውን መጽሐፍ በደስታ ያንብብ። ከጀግናው ድፍረቱንና ለተበደለ ማዘኑን ይማር፤ ብቻውን መፍረዱን ግን በመጽሐፉ ውስጥ ይተውለት።