«ተናጋሪው መሣሪያ»፦ የመደብ ኑሮ በጥንታዊት ሮማ

የጥንታዊት ሮማ ታሪክ ለረጅም ዘመን ሲነገር የኖረው ከቤተ መንግሥቱ ሰገነት ቁልቁል በመመልከት ነው። እብነ በረዱ፣ የድል አደባባዩ፣ የቄሣሮቹ ስምና የሕግ አዋቂዎቹ ጥበብ በሰፊው ሲወሳ፣ እብነ በረዱን የፈለጠውና እህሉን የፈጨው እጅ ግን ስም አልባ ሆኖ ቀርቷል። ይህ የአጋጣሚ ጉዳይ አይደለም። ብዕሩን የያዙት በአመዛኙ ባሪያ አሳዳሪዎቹ ነበሩና የጻፉትም ለመሰሎቻቸው ነው። እኛ በዚህ ጽሑፍ ያንን ኅብረተሰብ ለመመልከት የምንሞክረው ከታች ወደ ላይ ነው፤ ይኸውም ከቤቱ፣ ከሥራውና ከዕለት እንጀራው ተነሥተን።

በመሠረቱ ዛሬ የዓለም ሕዝቦች «ክላስ» እና «ፕሮሌታሪያት» የሚሏቸው ቃላት ሥራቸው ያለው በዚያችው ከተማ ነው። ንጉሥ ሰርቪየስ ቱሊየስ ዘረጋው ተብሎ በትውፊት በሚነገረው የሀብት ቆጠራ መሠረት ዜጎች እንደ ንብረታቸው መጠን በአምስት «ክላሲስ» ተመደቡ። ድምፅ የሚሰጡትም በነፍስ ወከፍ ሳይሆን ሴንቱሪያ በሚባሉ 193 ክፍሎች ተደልድለው ነበር። ከነዚህ ውስጥ 18ቱ የፈረሰኞች፣ 80ዎቹ የአንደኛው መደብ ሲሆኑ ሁለቱ ሲደመሩ 98 ይሆናሉ። ስለዚህ ባለጸጎቹ እርስ በርሳቸው ከተስማሙ አብላጫው ተገኝቷልና ቆጠራው እዚያው ላይ ይቆማል። ንብረት የሌላቸው ሁሉ፣ ብዛታቸው ምንም ያህል ቢሆን፣ በአንዲት ሴንቱሪያ ተጠቃለሉ። ለመንግሥት ከልጆቻቸው በቀር የሚያበረክቱት የላቸውም ተብሎም «ፕሮሌታሪ» ተባሉ። የኛ ቋንቋ በበኩሉ ለዚሁ መደብ ስም ሲያወጣ ከልጁ ሳይሆን ከወዙ ተነሥቶ ወዛደር ብሎታል፤ በዚህ ረገድ አማርኛችን ከላቲኑ የተሻለ ፍርድ ሰጥቷል ብንል ማጋነን አይሆንም።

ተራው ሕዝብ ግን እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። በትውፊቱ አቆጣጠር ከክርስቶስ ልደት በፊት በ494 ከከተማይቱ ለቅቆ በመውጣት ትሪቡን የሚባሉትን ጠበቆቹን አስገኘ፤ በ326 ባለዕዳን በሰውነቱ አስይዞ ማሠራት ተሻረ፤ በ287 የሕዝቡ ጉባኤ ውሳኔ ባላባቱንም ጭምር የሚያስገድድ ሕግ ሆነ። እነዚህ በትግል የተገኙ ድሎች መሆናቸው አይካድም። ይሁን እንጂ የድሉ ሌላው ገጽታ መታለፍ የለበትም። የራሱን ዜጋ ለዕዳ ማሰር የተከለከለው ባለመሬት ዓይኑን ወደ ጦር ምርኮኛ አዞረ። የአንዱ ሠንሰለት ሲወልቅ በሌላው አንገት ላይ ጠለቀ እንጂ አልተሰበረም።

ምርኮኛው የገበሬውን ቦታ ያዘ። በየዘመቻው ለዓመታት ከቀየው የራቀው ገበሬ ሲመለስ ማሳው በባለጸጋው ርስት ተውጦ ወይም ዳዋ ውጦት ያገኘዋል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ133 ትሪቡኑ ጢባርዮስ ግራኩስ ከመንግሥት መሬት አንድ ሰው ሊይዝ የሚችለው ከ500 ዩጌራ፣ ማለትም ከ125 ሔክታር ገደማ እንዳይበልጥ፣ ትርፉም ለድሆች እንዲከፋፈል ያስወሰነው ይህንኑ ተመልክቶ ነው። የሴኔቱ ሰዎች በዚያው ዓመት እርሱን ከ300 የሚበልጡ ተከታዮቹ ጋር በዱላና በተሰባበረ ወንበር ቀጥቅጠው ገደሉት። ሕግ አክባሪነታቸውን ለትውልድ ያወረሱልን እነዚሁ ናቸው!

መሬት ያጣው ወደ ከተማ ተሰደደ። በዚያ የሚጠብቀው «ኢንሱላ» የሚባለው የኪራይ ፎቅ ነበር፤ ውሃ ከምድር ተቀድቶ በደረጃ የሚወጣበት፣ ወደ ላይ በተወጣ ቁጥር ክፍሉ የሚጠብብበት፣ እሳት ሲነሣ መውጫ የሚጠፋበት። የፎቆቹ ቁመት አስጊ በመሆኑ አውግስጦስ ከ70 የሮማ ጫማ፣ ትራያኖስ ደግሞ ከ60 እንዳይበልጥ ወስነዋል። ባለጸጋው ክራሰስ የሚቃጠሉ ቤቶችንና ጎረቤቶቻቸውን ባለቤቶቹ በፍርሃት ላይ ሳሉ በርካሽ ይገዛ እንደነበር ፕሉታርክ ጽፎልናል። የአንደበተ ርቱዑ የሲሴሮ ደብዳቤ ደግሞ ከሁሉ ይበልጥ ገላጭ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ44 ለወዳጁ ሲጽፍ፣ ከሚያከራያቸው ሱቆች ሁለቱ መፍረሳቸውን፣ የሌሎቹም ግድግዳ መሰንጠቁን፣ ተከራዮቹ ብቻ ሳይሆኑ አይጦቹም ጭምር መልቀቃቸውን እየቀለደ ይነግረዋል። አያይዞም ኪሳራውን ወደ ትርፍ የሚለውጥ የግንባታ ዕቅድ እንዳለው ይገልጻል። ተከራዮቹ ወዴት እንደሄዱ ግን አንዲት ቃል አልተነፈሰም።

ይህንኑ የከተማ ድኃ በነፃ እህልና በትርዒት የተደለለ ሥራ ፈት አድርጎ ማቅረብ እስከ ዛሬ ያልጠፋ ልማድ ነው። እኛ ይህን ስም ማጥፋት አንቀበለውም። በአውግስጦስ ዘመን እህል ይሰፈርላቸው የነበሩት 200,000 ያህል ወንድ ዜጎች የወር ድርሻቸው 5 ሞዲ፣ ማለትም 33 ኪሎ ገደማ ስንዴ ነበር። ይህ አንድን ጎልማሳ ቢያጠግብ ሚስትና ልጆችን አያጠግብም፤ የቤት ኪራይ፣ ዘይት፣ ማገዶና ልብስም አይሆንም። ስለሆነም ሰውየው ጆንያ ይሸከማል፣ ጡብ ይደረድራል፣ ጀልባ ያራግፋል። ስንዴው ራሱ ከሰማይ አልወረደም። የግብፅ፣ የሰሜን አፍሪካና የሲሲሊ ገበሬ ጉሮሮ ተጨብጦ የተሰበሰበ ነው። በዚያው ዘመን አንድ ተራ ወታደር በዓመት የሚከፈለው 900 ሴስተርስ ሲሆን፣ ሴናተር ለመሆን የሚያስፈልገው ንብረት ትንሹ 1,000,000 ነበር። ወታደሩ ምንም ሳይበላ ከ1,100 ዓመት በላይ ቢቆጥብ እዚያ ይደርሳል ማለት ነው።

ከዚህ ሁሉ በታች ባሪያው አለ። የእርሻ መጽሐፍ የጻፈው ቫሮ የእርሻን መሣሪያ በሦስት የሚከፍል አስተያየት መዝግቧል፦ ድዳ መሣሪያ ጋሪው፣ ግማሽ ተናጋሪ መሣሪያ በሬው፣ ተናጋሪ መሣሪያ ባሪያው። ከእርሱ በፊት የነበረው ካቶ ደግሞ አስተዋይ ባለ ርስት ያረጀ በሬን፣ ያረጀ ጋሪንና ያረጀ ባሪያን እንዲሸጥ መክሯል። ሥርዓቱን ከዚህ የበለጠ አጥርቶ የሚያጋልጥ ጠላት አልተገኘም። መሬቱም መስክሯል። በ79 ዓ.ም. በቬሱቪየስ እሳተ ገሞራ በተቀበረችው በፖምፔይ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2023 ይፋ የሆነ አንድ ዳቦ ቤት፣ ሰዎችና አህዮች አብረው ተዘግተው እህል ይፈጩበት የነበረ ነው። ትንንሾቹ መስኮቶች በብረት የታጠሩ ናቸው፤ በወለሉ ላይ የተፈለፈለው ምልክት እንስሳቱ በአንድ ዙሪያ እየተሽከረከሩ የሚረግጡትን ያሳያል።

እዚህ ላይ «ባሪያና ጌታ» ብሎ በሁለት ቃል መገላገል እንደማይበቃ ልናሰምርበት እንወዳለን። ባሪያ የሚያዝዝ ባሪያ ነበር። ነፃ ወጥቶ ለቀድሞ ጌታው አገልግሎት የሚከፍል፣ ቀን ሲወጣለትም ራሱ ባሪያ የሚገዛ ነበር። በሮማ ማጆሬ በር አጠገብ ዛሬም የቆመው የዳቦ ጋጋሪው የዩሪሳሴስ ሐውልተ መቃብር ሠራተኞች ሲያቦኩ፣ ሲጋግሩና ሲመዝኑ በቅርጽ ያሳያል፤ ነፃ የወጣ ባሪያ ሳይሆን አይቀርም የሚባለው ባለ ሀብት ስሙን ሲያስቀርጽ የሠራተኞቹን ስም አላስቀረጸም። ገዥው መደብ ይህን መሰላል የተወው ከደግነት አልነበረም። መሰላል ያየ ሁሉ ቤቱን ከማፍረስ ይልቅ መውጣትን ይመኛልና ነው።

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ135 ገደማ በሲሲሊ የተነሣው ታላቅ የባሮች ዐመፅም ከዚህ ነፃ አልነበረም። መሪው ዩኑስ ዘውድ ጭኖ ንጉሥ አንጥዮኮስ ተባለ፤ የጦር መሣሪያ መሥራት የሚችሉትን ምርኮኞች በእግር ብረት አሥሮ አሠራቸው። ሆኖም ታሪክ ጸሐፊው ዲዮዶረስ እንደሚነግረን፣ ዐመፀኞቹ ነገን አስበው ትንንሽ እርሻዎችን ከማቃጠል ሲቆጠቡ፣ ነፃው ድኃ ግን በዐመፁ ስም ገጠሩን ይዘርፍ ነበር። የሁለቱ ጭቁኖች አለመተዋወቅ ከሮማ ሌጌዎኖች ያላነሰ ለጌቶቹ የጠቀመ ኃይል መሆኑን ለመገንዘብ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያሻም። በ71 የስፓርታከስ ሠራዊት ተደምስሶ 6,000 ምርኮኞች ከካፑዋ እስከ ሮማ በመንገድ ዳር ሲሰቀሉም ከተማይቱ አልተንቀሳቀሰችም።

ጌቶቹ ይህን አሳምረው ያውቁ ነበር። ባሮች በልብስ ይለዩ የሚል ሐሳብ በሴኔቱ ቀርቦ እንደነበርና፣ ብዛታችንን መቁጠር ከጀመሩ ምን ይውጠናል በሚል ሥጋት እንደወደቀ ሴኔካ ጽፏል።

የተሳሳቱበት ቀን ግን አልጠፋም። በ61 ዓ.ም. የከተማይቱ አስተዳዳሪ ፔዳንየስ ሴኩንደስ በአንድ ባሪያው እጅ ተገደለ። በጥንቱ ልማድ መሠረት በአንድ ጣሪያ ሥር የሚኖሩት 400 ባሮች፣ ሴቶችና ሕፃናት ሳይቀሩ፣ እንዲገደሉ ሴኔቱ ወሰነ። ያን ጊዜ ሰነፍ የተባለው፣ በእህል ተገዝቷል የተባለው የሮማ ሕዝብ ድንጋይና ችቦ ይዞ አደባባይ ወጣ፤ ፍርዱ እንዳይፈጸምም መንገዱን ዘጋ። ኔሮን ሕዝቡን በዐዋጅ ገሠጸና ባሮቹ ወደ ሞት የሚነዱበትን መንገድ ከዳር እስከ ዳር በወታደር አሳጠረው።