በክረምት የሚሞላ፣ በበጋ የሚደርቅ ጓሮ

ሚዛን ተፈሪና ቴፒ ላይ በሐምሌ ወር አትክልተኛ መሆን የሚያቅተው ሰው የለም። ዝናቡ ያጠጣል፣ አፈሩ ይቀበላል፣ ለአጥር የተተከለው እንጨት ሳይቀር ያቆጠቁጣል። ትምህርት ቤት ስለተዘጋ የክረምት በጎ ፈቃድ ወጣቶች ዶማና አካፋ ይዘው ይወጣሉ። በሰፈሩ ያለ አንድ ባዶ መሬት ይመነጠራል፣ መደብ ይወጣለታል፣ ጎመንና ቃሪያ ይተከልበታል፤ ፎቶግራፍም ይነሣበታል።

ሒሳቡ የሚጠየቀው ግን በበጋ ነው።

ይህ ጸሐፊ በዚያው አካባቢ ካሉ ከተሞች በአንዱ፣ በታኅሣሥ ወር ያየው የሰፈር የጋራ ጓሮ ከዓይኑ አልጠፋም። ታፔላው እንደ ቆመ ነው። አጥሩ በአንድ ወገን ተከፍቶ ፍየል ገብቶበታል። ከጎመኑ የቀረው ግንዱ ብቻ ነው። ውኃ ማጠጫው የት እንዳለ ብንጠይቅ ዕቃ ቤት ተቆልፎበታል ተባልን። ቁልፉስ? አንድ በጎ ፈቃደኛ ዘንድ። በጎ ፈቃደኛውስ? ቡና ለቀማ ወርዷል። ልጁን መውቀስ አይቻልም፤ ለቀማ የዓመት ልብሱና ደብተሩ ነው። የሚወቀሰው ይህን ያላሰበው ዕቅድ ነው።

የቡና ገበያን በሚከታተል ገጽ ላይ ጎመን ምን ይሠራል የሚል አንባቢ ይኖራል። መልሱ አጭር ነው። የቡና ከተማ ገንዘብ እንደ ዝናብ ወቅት አለው። እሸት ቡና መሰብሰብ ከጀመረበት እስከ ጀንፈሉ ሽያጭ ድረስ ብር ይዘንባል፤ ከዚያ በኋላ ይደርቃል። ክረምት ሲገባ የቸርቻሪው መዝገብ በዱቤ ይሞላል። ሽንኩርትና ቲማቲም የሚገዛው ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ነው። የአገሪቱ ዋና የአትክልት ምንጭ የሆኑት መቂና ዝዋይ ከአዲስ አበባ ወዲያ ናቸው፤ ከአዲስ አበባ እስከ ሚዛን ደግሞ 560 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ አለ። ጎመን ከጓሮው የሚቆርጥ ቤተሰብ ለመጓጓዣና ለብልሽት የሚከፍለውን ያተርፋል፤ ያተረፈውንም ለሱቁ ዕዳ ያውለዋል። ስለዚህ የሰፈር ጓሮ ጉዳይ የነጋዴም ጉዳይ ነው።

ጉድለቱ የት ላይ ነው?

የበጎ ፈቃድ ሥራ ነፃ ነው የሚባለው ስሕተት ነው። ነፃ የሆነው ደመወዙ ነው፤ ሰዓቱ ግን ዋጋ አለው፤ ዋጋውም በየወሩ ይለዋወጣል። የነሐሴ አንድ ሰዓትና የኅዳር አንድ ሰዓት እኩል አይደሉም። በነሐሴ ተማሪው ሥራ ፈት ነው። በኅዳር ትምህርት ቤት ተከፍቷል፣ ቡናው ቀልቷል፣ ለቃሚ ተፈላጊ ሆኗል። አካባቢው ዝናብ የሚበዛበት ቢሆንም ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ይደርቃል። ባጭሩ ጉልበት የሚተርፈው ጓሮው ጉልበት በማይፈልግበት ወር ነው፤ ጉልበት የሚጠፋው ደግሞ ጓሮው በሚጠማበት ወር።

ለምሳሌ ያህል እናስላ። 500 ካሬ ሜትር ጓሮ ያለው፣ 30 አባላት የያዘ ማኅበር አለ እንበል። እያንዳንዱ በሳምንት 2 ሰዓት ቢሰጥ በሳምንት 60 ሰዓት ይገኛል፤ ይህ ለክረምት ከበቂ በላይ ነው። በጥር የሚመጡት 5 ብቻ ቢሆኑ 10 ሰዓት ይሆናል። ጓሮውን በየቀኑ ለማጠጣት 2 ሰዓት ቢያስፈልግ የሳምንቱ ፍላጎት 14 ሰዓት ነው። የጎደለችው 4 ሰዓት ብቻ ናት። ጓሮውን የምትገድለው ይህች አራት ሰዓት ናት፤ በነሐሴ የተረፈው ሰዓት ደግሞ በጎተራ አይቀመጥም።

ደቦ አለን ብሎ የሚከራከር ይኖራል። ደቦ ታላቅ ነገር ነው። ነገር ግን ደቦ የሚጠራው በአንድ ቀን ለሚጨረስ ከባድ ሥራ ነው፤ ለአጨዳ፣ ለቤት ሥራ፣ ለእርሻ። ጓሮ የሚፈልገው ትንሽ ሥራ በየቀኑ ነው። ለማጠጣት ደቦ የጠራ ሰው አላየንም።

የችግኝ ዘመቻውም ያስተማረን ይህንኑ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉን መንግሥት አስታውቆ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሕዝቡ የሚጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው፤ ስንቱ ጸደቀ? በኅዳር 2015 ዓ.ም አርባ ምንጭ ላይ የተጀመረው የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብርም ጓሮንና ማዕድን አገናኝቷል፤ ሐሳቡ መልካም ነው። መልካም ሐሳብ ግን በበጋ ባልዲ የሚያነሣ ሰው ይፈልጋል።

አንድ ሰው ይቀጠር

የዚህ ጽሑፍ ሐሳብ ይህ ነው፦ የሰፈር ጓሮ ሠላሳ በጎ ፈቃደኞችና አንድ ተከፋይ ይኑሩት። ተከፋዩ ከጥቅምት እስከ የካቲት ላሉት አምስት ወራት ጠዋት ጠዋት ያጠጣ፣ አጥር ይጠግን፣ ቁልፍ ይያዝ። ሌላው ሥራ የበጎ ፈቃደኞቹ ይሁን።

ገንዘብ ከገባ መንፈሱ ይጠፋል የሚሉ አሉ። ዕድርን እንመልከት። የዕድር ዳኛው፣ ጸሐፊውና ገንዘብ ያዡ ያለ ደመወዝ ያገለግላሉ። ድንኳኑንና ዕቃውን የሚጠብቀው፣ ለቅሶ የሚለፍፈው ሰው ግን በብዙ ዕድሮች ይከፈለዋል። በዚህ ምክንያት ዕድር መንፈሱን አጣ ያለ አልሰማንም። ዕድር የጸናው መዋጮው፣ ቅጣቱና ተራው በጽሑፍ ስለሠፈረ ነው።

ደመወዙ ከየት ይመጣል? ከልመና መምጣት የለበትም። አካባቢው የቡና አገር ነው። የቡና ዘር በበጋ ወራት ይዘራል፤ ችግኙ በሰኔና በሐምሌ ወደ ማሳ ይወጣል። የችግኝ መያዣው ስፋት 10 ሳንቲ ሜትር ቢሆን በአንድ ካሬ ሜትር 100 ችግኝ ይቆማል፤ 5,000 ችግኝ 50 ካሬ ሜትር ይበቃዋል። ይህም የምሳሌያችን ጓሮ አንድ አሥረኛ ነው። በ2 ሜትር በ2 ሜትር ርቀት ከተተከለ ሁለት ሔክታር ይሸፍናል። ስለዚህ ተቀጣሪው በበጋ የሚያጠጣው ጎመን ብቻ ሳይሆን የራሱን ደመወዝም ነው።

የመጀመሪያውን ዓመት ማን ይሸከም? እዚህ ላይ ነው አንባቢያችን የሚገባው። የቡና ነጋዴ ለገበሬ ቅድሚያ ክፍያ መስጠትን ከማንም በላይ ያውቃል። ለጓሮው ምጽዋት አይስጥ፤ የሰኔን ችግኝ በጥቅምት ይግዛ። ውል ይፈረም፣ ብዛቱና የማስረከቢያው ቀን ይጻፍ፣ ገንዘቡ በየወሩ ይለቀቅ። ምጽዋት የሰጠ ሰው ተመልሶ አይጠይቅም፤ የገዛ ሰው ግን በጥር መጥቶ ችግኙ ጠጥቷል ወይ ይላል። ጓሮው ያጣው ይህን ጠያቂ ነው።

ሦስት ማስጠንቀቂያዎች

አንደኛ፣ ዘሩ። በ2004 ዓ.ም ገደማ የተነሣው የዝንጅብል አጠውልግ በሽታ የአገሪቱን የዝንጅብል ማሳ እንዴት እንዳወደመ ቴፒ አይረሳም። በሽታው የሚዛመትበት አንዱ መንገድ የታመመ ዝንጅብልን ለዘር መጠቀም ነው። ብዙ እጅ የሚነካው የጋራ ጓሮ ከየቤቱ የመጣ ዘር ቢሰበስብ በሽታን ለሰፈሩ ሁሉ ያከፋፍላል። ቴፒ ላይ በቅመማ ቅመም የታወቀ የግብርና ምርምር ማዕከል አለ፤ ሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲም ከ1999 ዓ.ም ጀምሮ በአካባቢው ነው። ዘር ከታወቀ ምንጭ ይወሰድ። የቡናውም ዘር እንዲሁ ነው፤ ለቴፒ ቆላ የሚስማማው ለማሻ ደጋ አይስማማም።

ሁለተኛ፣ ክፍፍሉ። በዚሁ ደቡብ ምዕራብ የደን አያያዝ ታሪክ ትምህርት አለ። በ1980ዎቹ መጨረሻ ቦንጋ ላይ፣ ከ1995 ዓ.ም በኋላ ደግሞ በሸካና በቤንች ማጂ የተሞከረው አሳታፊ የደን አስተዳደር መሠረቱ አንድ ነበር፦ ሕዝቡ ደኑን ይጠብቃል፤ በምላሹ ማሩን፣ ኮረሪማውንና የደን ቡናውን የመጠቀም መብቱ በስምምነት ይረጋገጥለታል። ግዴታና ጥቅም በአንድ ወረቀት ላይ ናቸው። በሰፈር ጓሮም ማን ስንት ቀን ሠርቶ ስንት እስር ጎመን ይወስዳል የሚለው ከመትከል በፊት ይጻፍ። ከተሰበሰበ በኋላ የሚጻፍ ደንብ ደንብ አይደለም፤ ክስ ነው።

ሦስተኛ፣ መሬቱ። የኒው ዮርክ ከተማ ነዋሪዎች እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ ቆሻሻ የተጣለባቸውን ባዶ ቦታዎች በበጎ ፈቃድ ወደ አትክልት ስፍራነት ለወጡ። መሬቱ ግን የከተማው ነበርና እ.ኤ.አ. በ1999 ከ110 በላይ የሚሆኑት ለጨረታ ሊቀርቡ ተዘጋጁ። የተረፉት በመጨረሻው ሰዓት በጎ አድራጊ ድርጅቶች በ4.2 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ስለገዟቸው ነው። ሚዛን ላይ እንዲህ ያለ ገዢ አይመጣም። ሚዛን አማንና ቴፒ በ2014 ዓ.ም የተመሠረተው የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ማዕከላት ከሆኑት አራት ከተሞች ሁለቱ ናቸው፤ ቢሮ ሲመጣ መሬት ይወደዳል። በ2004 ዓ.ም የወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 ለከተማ ግብርና 15 ዓመት የሊዝ ዘመን መድቦ ነበር፤ የከተማ ግብርና በሕግ ዓይን የታወቀ ሥራ መሆኑን ያሳያል። ማኅበሩ በቃል ፈቃድ ብቻ አይትከል፤ ከማዘጋጃ ቤቱ የጊዜ ገደብ ያለው ጽሑፍ ይያዝ። የሚያገኘው ሁለት ዓመት ብቻ ከሆነ ሙዝና ኮረሪማ ትቶ በቶሎ የሚደርሰውን ይትከል።

ከሰብሉም ምርጫ አለ። በከባዱ ዝናብ ቲማቲም ቅጠሉ ይበሰብሳል፤ ጎደሬ ግን ዝናቡን ይወደዋል፣ የአገሬው ምግብም ነው። ጥቂት ጉልበት ያለው ጓሮ ጥቂት ጉልበት በሚፈልግ ሰብል ቢጀምር አያፍርም።

ክረምቱ ሲመጣ ታፔላ ይተከላል፣ ፎቶግራፍም ይነሣል። ነጋዴው አንባቢያችን ለታፔላው ገንዘብ ሲጠየቅ በትሕትና አንድ ጥያቄ ብቻ ያቅርብ፦ በጥር ቁልፉ ማን ዘንድ ነው? መልስ ካገኘ ችግኙን ይግዛ። ካላገኘ ገንዘቡን ለቡናው ያቆየው።