ሳይታመሙ መዳን

ኧረ ለመሆኑ ወገን፣ ያልያዘውን በሽታ «ለቀቀኝ» ብሎ ፈውስ የሚቸረችር ሰው ምን ይባላል? አውስትራሊያዊቷ ቤል ጊብሰን የአንጎል ካንሰሬን በምግብ እያከምኩ ነው እያለች በኢንስታግራም ሰበከች። ፊቷ ያበራል ብለው አመኗት። ካልታመመች ታዲያ ምን ያጠውልጋት! እ.ኤ.አ. በ2013 የስልክ አፕሊኬሽን፣ ቀጥላም የምግብ መጽሐፍ ቸበቸበች። አሳታሚው ፔንግዊንም አባባሏን ሳያጣራ አተመው። በ2015 አንዱም እውነት እንዳልነበር ለመጽሔት አመነች፤ በ2017 ፍርድ ቤት 410,000 የአውስትራሊያ ዶላር ቀጣት።

ቅጣቱስ ይሁን። እኔን የሚያንገበግበኝ በእርግጥ ዕጢው የነበረበት አንባቢ ነው። ዕጢ እኮ ሰው ጭማቂ እስኪጨምቅ ቆሞ አይጠብቅም! እኛስ ብንሆን እንዲህ ያለ ቪዲዮ ስንቀባበል «የሐኪም ወረቀቱ የታል?» ያልን ስንቶቻችን ነን?