ሳይቸግር ጤፍ ብድር

«ባትማን፦ ዴድ ኤንድ» የተባለውን አጭር ፊልም ያዩ ባልንጀሮቻችን «እንከን የማይወጣለት ሥራ ነው» ሲሉ ሰምተናል። እኛ በዚህ ፍርድ አንስማማም። የማንስማማውም ፊልሙን ንቀን ሳይሆን ከአወዳሾቹ ይልቅ ቁም ነገር ስለ ጠበቅንበት ነው።

አስቀድሞ ለባለሙያው የሚገባውን እንስጥ። ሳንዲ ኮሎራ እ.ኤ.አ. በ2003 ይህን የ8 ደቂቃ ፊልም የሠራው 30,000 ዶላር በሚያህል ወጪ ነው። ከ1989 እስከ 1997 የወጡት አራቱ የስቱዲዮ ፊልሞች ጀግናውን እንደ ጥሩር የደረቀ የላስቲክ ልብስ ሲያለብሱት፥ ኮሎራ በሥዕል መጽሔቱ እንደምናውቀው ግራጫ ጨርቅ አለበሰው። ስለዚህ ባትማን ሲንቀሳቀስ ሰው ይመስላል። ዝናብ የሚወርድበት ጨለማ መንገድም ብዙ ሚሊዮን ከፈሰሰባቸው ትዕይንቶች ይልቅ ያስፈራል። ይህን የሚክድ ዓይን የለውም።

በዚያ ዝናብ ውስጥ አንድሩ ኬኒግ የሚጫወተው ጆከር ከባትማን ጋር ፊት ለፊት ይገናኛል፤ «እንዲህ ያደረግኸኝ አንተ ነህ» የሚል ክስም ያቀርባል። ይህ የቧልት ነገር አይደለም። ወንጀልን በጡንቻው ብቻ የሚቀጣ ሰው ወንጀለኛን ያጠፋልን ወይስ ያፈራልን? ተመልካቹ ትንፋሹን ውጦ መልሱን ይጠብቃል። መልሱ ግን አይመጣም፤ ከሌላ ፊልም የመጣው ኤሊየን ጆከርን አፈፍ አድርጎ ይወስደዋል። ጠያቂው ሲነጠቅ ጥያቄውም አብሮ ተነጠቀ። ከዚያ በኋላ ፕሬዳተር ይመጣል፤ ድብድብ ይሆናል፤ ባትማን በአውሬዎች መካከል እንደ ቆመ ፊልሙ ያልቃል።

«8 ደቂቃ ምን ይበቃል?» የሚሉን አሉ። ለድብድቡ የበቃ ጊዜ ለአንድ መልስ እንዴት አነሰ? «ዳይሬክተሩ ችሎታውን ለማሳየት የሠራው ናሙና ነው» የሚሉም አሉ። እውነት ነው፤ ምክንያቱን ይገልጻል እንጂ ጉድለቱን አይሸፍንም።

ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። ገጸ ባሕርያቱ የሌሎች ንብረት ስለሆኑ ኮሎራ ፊልሙን ሊሸጥ አይችልም ነበር። የማይሸጥ ሥራ ገበያን መፍራት የለበትም፤ ስቱዲዮ የማይደፍረውን ሊናገር ይችላል። እርሱ ግን ነፃነቱን ይዞ የገበያውን ዕቃ ሊደረድርበት ሄደ። የራሱ እህል በጎተራው ሳለ ከጎረቤት ጤፍ ተበደረ።

በስልካችሁ ፊልም የምትቀርጹ ወንድሞችና እኅቶች! ከዚህ ሰው ጨርቁን፥ ዝናቡንና ትጋቱን ተማሩ። ገጸ ባሕርያችሁ ከባድ ጥያቄ ሲያነሣ ግን አውሬ ጠርታችሁ አታስነጥቁት። ገንዘብ ባይኖረን ማንም አይፈርድብንም፤ የጀመርነውን ሐሳብ ፈርተን ብንተወው ግን የሚፈርድብን ሥራችን ራሱ ነው።

በዚህ አስተያየት የማይስማማ ቢኖር ብዕሩን ያንሣ፤ ገጹ ክፍት ነው።