መሣሪያ ያለ ወረቀት አይላክም



በአገራችን ጠመንጃ ከአባት ወደ ልጅ፣ ከወንድም ወደ ወንድም በእጅ ሲተላለፍ ኖሯል፤ ምስክሩም ጎረቤት ነው። አሜሪካ ውስጥ ግን ምስክሩ ወረቀት ነው። ሱቃቸውን ለመጠበቅ ወይም ለአደን ብለው እዚህ በሕግ መሣሪያ የገዙ ወገኖች አሉን። ከእነርሱ አንዱ ሜሪላንድ ሆኖ፣ ቴክሳስ ላለው የአጎቱ ልጅ ጠመንጃውን ልስጠው ቢል፣ ጠቅልሎ በቀጥታ ሊልክለት አይችልም። ስጦታም ቢሆን ያው ነው። ከ1968ቱ የመሣሪያ ቁጥጥር ሕግ ወዲህ፣ በውርስ ካልሆነ በቀር፣ በተለያየ ስቴት የሚኖሩ ግለሰቦች መሣሪያ የሚሰጣጡት የፌዴራል ፈቃድ ባለው ነጋዴ በኩል ነው።

ነገሩን እስቲ ከነጋዴው ወገን እንየው። ሳጥን ይደርሰዋል፤ ሲከፍተው ጠመንጃ አለ፤ ከማን እንደመጣ፣ ለማን እንደሆነ የሚናገር ብጣሽ ወረቀት የለም። እርሱ ግን እስከ ማግስቱ የሥራ ቀን መጨረሻ የላኪውን ስምና አድራሻ፣ የመሣሪያውን ሠሪ፣ ሞዴል፣ ዓይነት፣ ካሊበርና መለያ ቁጥር መዝገቡ ላይ ማስፈር አለበት። መዝገቡን የፌዴራሉ ኤ.ቲ.ኤፍ. መሥሪያ ቤት ይመረምረዋል፤ ፈቃዱም ሊነጠቅ ይችላል። ስም የሌለው ሳጥን ለእርሱ ዕዳ ነው።

ስለዚህ ከመላክዎ በፊት ስልክ ይደውሉ። ከግለሰብ የማይቀበሉ ነጋዴዎች አሉ። ክፍያው ስንት እንደሆነና ማን እንደሚከፍል ይስማሙ። የፈቃዱን ቅጂ ይጠይቁ፤ የቁጥሩን የመጀመሪያ ሦስትና የመጨረሻ አምስት አኃዞች ይዘው በኤ.ቲ.ኤፍ. ድረ ገጽ ማረጋገጥ ይችላሉ። ሳጥኑ ውስጥ ስምዎን፣ አድራሻዎን፣ ስልክዎን፣ የመታወቂያዎን ቅጂ፣ የተቀባዩን ስምና ስልክ፣ የመሣሪያውንም ዝርዝር የያዘ ደብዳቤ ያስገቡ፤ አንድ ቅጂ ለራስዎ ያስቀሩ። ጥይቱን አውጡ፣ ከመሣሪያው ጋርም አትላኩ። ከሳጥኑ ውጭ መሣሪያ መሆኑን የሚያሳብቅ ነገር አይጻፍ፤ ሌባ ማንበብ ያውቃል። ትልልቆቹ የግል አጓጓዦች ፈቃድ ከሌለው ሰው መሣሪያ ስለማይረከቡ፣ በሰፈርዎ ባለ ነጋዴ በኩል መላኩ ይቀላል። ሲላክም የመከታተያ ቁጥሩን ለተቀባዩ ነጋዴ ይንገሩት።

ተቀባዩ ደግሞ ነጋዴው ዘንድ ሄዶ ፎርም 4473 ይሞላል፤ የኋላ ታሪኩም ይጣራል። ለሌላ ሰው እየገዙ «ለራሴ ነው» ብሎ መፈረም ወንጀል ነው። እዚህ ላይ ነው የእኛ ሰው ሊጠነቀቅ የሚገባው። ግሪን ካርድ ያለው ሰው በፌዴራል ሕግ መሣሪያ መያዝ ይፈቀድለታል። በጎብኚ ወይም በተማሪ ቪዛ ያለ ግን፣ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር አይፈቀድለትም፤ የመኖሪያ ፈቃድ የሌለው ደግሞ ቢነካው በወንጀል ይጠየቃል። በመሣሪያ ወንጀል መፈረድ ግሪን ካርድ ያለውን እንኳ ከአገር ሊያስባርር ይችላል። ጉዳይዎ ገና ያልለየለት ከሆነ አስቀድመው ጠበቃ ያማክሩ። የየስቴቱም ሕግ የራሱ ተጨማሪ አለውና ነጋዴውን ይጠይቁ።

የአገሩን ሰርዶ ባገሩ በሬ ነው። ለዘመድ የተላከ ስጦታ፣ በአንዲት ወረቀት ጉድለት የዘመድን የዓመታት ልፋት ይዞ እንዳይሄድ፣ ከጠመንጃው በፊት ደብዳቤው ይዘጋጅ።