ለተማሪ አልጋና እንጀራ ብቻ ይበቃዋልን?

ስለ ተማሪ ችግር በተነሣ ቁጥር ወዲያው የሚታሰበን የወጡ መቅጠን፣ የመኝታ ቤቱ መጣበብና የውሃው መቋረጥ ነው። እኛም በዚህ ጋዜጣ ስለ ወጡ ብዙ ጽፈናል፤ እስኪወፍር ድረስም መጻፋችንን አንተውም። ዛሬ ግን ልናነሣው የፈለግነው በምግብ ቤት ሰልፍ ላይ የማይታየውን፣ እኛ ራሳችንም አፍረን የምንደብቀውን ችግር ነው፤ ይኸውም የተማሪው ብቸኝነትና የመንፈሱ ጭንቀት ነው።

ነገሩን ከቅርባችን እንጀምር። ባለፈው ዓመት በመኝታ ቤታችን አንድ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነበረ። ሁለት ቀን በአውቶቡስ ተጉዞ የመጣ፣ አማርኛን ከትምህርት ቤት ያገኘው እንጂ በቤቱ የማይናገረው፣ ዝምተኛ ልጅ ነበረ። እኛ ስንቀልድ ከሁላችን ዘግይቶ ይሥቅ ነበር፤ ቆይቶ መሣቁንም ተወው። የመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት ውጤት ከታወቀ በኋላ ወደ ክፍል መሄዱን አቆመ፤ ቀን ይተኛል፣ ሌሊት ይነቃል። «ኮርቷል» ያልን ነበርን፤ «ሰንፏል» ያልንም ነበርን። አንድ ቀን ጧት ብርድ ልብሱን ጠቅልሎ፣ ሻንጣውን አንሥቶ ሄደ። በኋላ እንደ ሰማነው በር ላይ ያሉት ዘበኛ፣ «ልጄ፣ ትምህርቱ ሳያልቅ ወዴት ነው? ምን ገጠመህ?» ብለው ጠይቀውታል። ስንቶቻችን ከእርሱ ጋር ስንኖር «ምን ገጠመህ?» ብለው የጠየቁት እኒያ ዘበኛ ብቻ ነበሩ። መምህራኑ የሚያውቁት በመታወቂያ ቁጥሩ ነበር፤ እኛ ደግሞ የምናውቀው በአልጋው ነበር።

ይህን የምንጽፈው ማንንም ለመክሰስ አይደለም። ክስ ካለም ቀዳሚዎቹ ተከሳሾች እኛው ነን።

እስቲ እንዲህ ያለው ልጅ የመጣበትን መንገድ እናስብ። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተናን ከወሰዱት ተማሪዎች መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያገኙት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 በመቶ ሆነ። ከመቶው ከዘጠና በላይ በሚወድቅበት ፈተና ያለፈ ልጅ የቤተ ዘመዱን ሁሉ ተስፋ ተሸክሞ ይገባል። ታዲያ እዚህ መጥቶ ውጤቱ ዝቅ ሲልበት ለማን ይናገር? ለእናቱ እንዳይናገር፣ በሬ ሸጠው የላኩት ወላጆች ናቸው፤ ለጓደኛው እንዳይናገር፣ ገና ጓደኛ አላፈራም። በአቅም ማሻሻያ ትምህርት በኩል የሚገባውም የራሱ ሸክም አለው፤ «በጎን በር የገባ» የሚለውን ሽሙጥ በየቀኑ ይሰማል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮም የመውጫ ፈተና ስለ ተጨመረ፣ አንዱን ጭንቀት ሳይጨርስ የሌላውን ቀን መቍጠር ይጀምራል።

በዚህም ላይ ዘመኑ ራሱ የጫነብን ነገር አለ። በ2012 ዓ.ም. በበርካታ ዩኒቨርሲቲዎች በተነሣው ግጭት የተማሪ ሕይወት ጠፍቷል፤ ብዙዎችም ትምህርታቸውን ጥለው ወደየቤታቸው ሸሽተዋል። በዚያው ዓመት መጋቢት ወር በኮሮና በሽታ ምክንያት ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. ደግሞ በሰሜን የአገራችን ክፍል ጦርነት ሆነ፤ በትግራይ ያሉ ልጆች ዓመታት የትምህርት ጊዜ አጡ፤ በአማራና በአፋርም ብዙ ትምህርት ቤቶች ፈረሱ። እነዚያን ዓመታት በልጅነቱ ያሳለፈ ወጣት ዛሬ ከእኛ ጋር በአንድ ወንበር ተቀምጧል። ደብተሩን እናየዋለን፤ ያየውን ነገር ግን አንጠይቀውም።

የሚገርመው ስለዚህ ጉዳይ በክፍል መማራችን ነው። ለአንደኛ ዓመት ተማሪዎች በጋራ ከሚሰጡት ትምህርቶች አንዱ ጠቅላላ ሥነ ልቡና ነው። አሜሪካዊው ሊቅ አብርሃም ማዝሎው በ1943 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጽሑፍ የሰው ልጅ ከምግብና ከደኅንነት ቀጥሎ ከሰው ጋር መዋደድን፣ የወገን አካል መሆንንና መከበርን እንደሚሻ አስረድቷል። ይህን በቃላችን ይዘን ለፈተና እንጽፈዋለን። ነገር ግን ይኸው ነገር የጎደለው ጓደኛችን ከጎናችን ተቀምጦ መልሱን ከእኛ ጋር ሲጽፍ ልብ አላልነውም።

«አባቶቻችን በኩራዝ ተምረው ትልቅ ሰው ሆኑ፤ ስሜታቸውን የጠየቃቸው አልነበረም፤ እናንተ ግን ተሞላቀቃችሁ» የሚሉን አሉ። ንግግራቸውን በንቀት አናልፈውም፤ መልስም አለን። የቆሎ ተማሪውን እናስታውስ። ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቦ፣ ከአገሩ ርቆ ሄዷል፤ ተርቧል፤ ውሻም ነክሶታል። ይሁን እንጂ ብቻውን አልነበረም። በጎጆው አብረውት የሚያድሩ ባልንጀሮች ነበሩት፤ ለምኖ ያመጣውን አብሮ ይቆርሳል፤ ቢታመም የሚያስታምመው፣ ትምህርቱ ቢከብደው የሚያስቀጽለው ከእርሱ ቀድሞ የገባ ተማሪ ነበረ። የኔታም የእያንዳንዱን ስምና አገር ያውቁ ነበር፤ ሳይመጣ የዋለውን ያስፈልጉት ነበር። በደጇ ቆሞ በማርያም ስም ሲለምን ቁራሽ የምትሰጠው ባልቴት «ልጄ» ትለው ነበር። ስለዚህ የጥንቱ ትምህርት ቤት የተማሪውን መንፈስ ያልተንከባከበ መስሎ የሚታየን፣ እንክብካቤው ስም ስላልነበረውና በጀት ስላልተመደበለት ነው። አዲሱ ትምህርት ቤት ሕንፃውንና ሰሌዳውን አምጥቷል፤ የጎጆውን ባልንጀርነት ግን የሚተካ ነገር አላበጀም። የጎደለውም እርሱ ነው እንጂ የእኛ ትዕግሥት ብቻ አይደለም።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ሦስት ነገር እናቀርባለን።

አንደኛ፣ ለዩኒቨርሲቲው አስተዳደር። የምክር አገልግሎት የሚሰጥበት ክፍል ተማሪ ለጥፋት ከሚጠራበት ቢሮ ይለይ። በሥነ ሥርዓት ኮሚቴ በር አልፎ ኀዘኑን ሊናገር የሚሄድ ተማሪ የለም። ክፍሉ ትምህርት ከሚያበቃበት ሰዓት በኋላም ይከፈት፤ የተነገረው ነገር በምሥጢር ይጠበቅ፤ በተቻለ መጠን ከአንድ በላይ የአገራችንን ቋንቋ የሚናገሩ አማካሪዎች ይመደቡ። እኅቶቻችን የደረሰባቸውን በደልና ትንኰሳ ሳይፈሩ የሚናገሩላት ሴት አማካሪም ትኑር።

ሁለተኛ፣ ለመምህራኖቻችን። የክፍሉ ተማሪ ብዛት፣ የእርማቱ ክምር፣ የደመወዙ ማነስ የሚያደርስባችሁን ድካም እናውቃለን። ሐኪም ሁኑልን አላልንም። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአእምሮ ሕክምና ስፔሻሊስቶችን ማሠልጠን የተጀመረው በ1995 ዓ.ም. ነው፤ ለዚህ ሁሉ ሕዝብ ባለሙያዎቹ ዛሬም ጥቂቶች ናቸው። በጽኑ የታመመ ወደ እነርሱ ይላክ። አብዛኛው ተማሪ ግን ከመታመሙ በፊት የሚያስፈልገው የሚያውቀው ሰው ነው። እያንዳንዱ መምህር ዐሥር ወይም ዐሥራ አምስት የአንደኛ ዓመት ተማሪዎችን ተረክቦ በመንፈቅ ዓመት ሁለት ጊዜ በስማቸው ጠርቶ ቢያነጋግራቸው፣ ሁለት ሳምንት የቀረውንም «ምን ሆነህ ነው?» ቢለው፣ ብዙ ሻንጣ ሳይታሰር ይቀር ነበር።

ሦስተኛ፣ ለራሳችን። ከሁሉ የሚቀለውና ከሁሉ ያስነፍነው ይህ ነው። ምክር ፈልጎ ወደ አማካሪ የሄደን ተማሪ «ነካ ያደርገዋል» እያልን የምንሥቅበት እኛው ነን። በመኝታ ቤት በቋንቋና በአገር ልጅነት ተከፋፍለን፣ ወገን የሌለውን በመካከላችን ባዳ የምናደርገው እኛው ነን። በየመኝታ ቤቱ አንድ ነባር ተማሪ ለአዲሶቹ ኀላፊ ይሁን። ውጤት በሚነገርበት ቀን ማንም ብቻውን አይደር። ሦስት ቀን ከአልጋው ያልወረደ ጓደኛ ካለ፣ ስንፍናውን ከማማት በፊት ቡና አፍልተን እንቀስቅሰው። በየሠፈራችን ሰው ሲሞት ዕድር ድንኳን ይተክላል፤ ልቡ ለተሰበረ ተማሪ ሳይሞት የምንተክለው ድንኳን አይኖረንምን?

ይህን ስንል ትምህርቱ ይቅለል፣ ፈተናው ይቅር፣ ሰነፍ ይታለፍ ማለታችን አይደለም። ከባድ ትምህርትን የሚችለው የሚደግፈው ያለው ተማሪ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚያስረዳው ከ15 እስከ 29 ዓመት ባለው ዕድሜ ዋና ዋና ከሆኑት የሞት ምክንያቶች አንዱ ራስን ማጥፋት ነው። ይህ የእኛ ዕድሜ ነው። ስለዚህ ጉዳዩ የቅምጥልነት ሳይሆን የሕይወት ጉዳይ ነው።

በዚያ አልጋ ዘንድሮ ሌላ ልጅ ገብቷል። እርሱም ከሩቅ የመጣ ነው። በመጣ በመጀመሪያው ማታ ስሙንና አገሩን ጠይቀነዋል፤ አምና ይህን ለማድረግ ምን እንደ ከለከለን ግን እስካሁን ለራሳችን መልስ አላገኘንም። የማኅበራችን ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴም እነዚህን ሦስት ዐሳቦች ለሚመጣው ጠቅላላ ስብሰባ እንዲያቀርብልን እንጠይቃለን። የሚቃወም ካለ በሚቀጥለው ቍጥር ይጻፍልን፤ በደስታ እናነባለን።