ከጓዳ ወደ ሜዳ፦ የስፖርት መብት የሁሉም ነው

እንደሚታወቀው፣ ስፖርት በተነሣ ቁጥር የብዙዎቻችን ኅሊና ወደ ውድድርና ወደ ሜዳልያ ያመራል። ያየሽ ጌቴ በ2016 ዓ.ም. ማብቂያ በፓሪስ ፓራሊምፒክ የዓይነ ሥውራንን 1,500 ሜትር ሩጫ በዓለም ክብረ ወሰን ስታሸንፍ፣ ትዕግሥት ገዛኸኝም በቶኪዮ ያገኘችውን ወርቅ ስትደግም ደስታው የመላው ሕዝባችን ነበር። ነገር ግን በአዋሽ ሰባት ኪሎም ሆነ በሰመራ፣ እጅና እግሩ የማይታዘዝለት፣ ንግግርም የሚያዳግተው፣ ያለ ሰው ድጋፍ ከመኝታው የማይነሣ ወጣት በየትኛው ሜዳ ይጫወት? ዛሬ የምናነሣው ጥያቄ ይህ ነው።

«ለእርሱ እህልና መድኃኒት ይበቃዋል፤ ጨዋታ ምን ይረባዋል?» የሚል አመለካከት በመካከላችን አለ። ይህ አመለካከት ከርኅራኄ ቢመነጭም ውጤቱ ሰውን በጓዳ መዝጋት ነው። የማይንቀሳቀስ ጡንቻ ይኮማተራል፤ መገጣጠሚያ ይደርቃል፤ በአንድ ጎን የሰነበተ ገላም ይቆስላል። ብቸኝነት ደግሞ ከሁሉ የከፋ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ አካል ጉዳተኛ አዋቂዎች በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ የመከረ ሲሆን፣ ይህን ያህል ለማይችሉትም ጥቂቱ ከምንም እንደሚሻል አስገንዝቧል። አገራችን በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትም በ30ኛው አንቀጹ ስፖርትንና መዝናኛን መብት ብሎ ደንግጓል። መብት የሆነውን ነገር እንደ ምጽዋት ልንቆጥረው አይገባም።

ቦቻ የተሰኘው ጨዋታ ለዚህ ምስክር ነው። ይህ ጨዋታ ሴሬብራል ፓልሲ በተባለው የአንጎል ጉዳት ሳቢያ እንቅስቃሴያቸው ለተገደበ ሰዎች የታሰበ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ በፓራሊምፒክ ይካሄዳል። እያንዳንዱ ወገን ስድስት ኳሶቹን ነጭ ወደሆነችው ዒላማ ኳስ ለማስጠጋት ይፎካከራል። ክንዱ የማይታዘዝለት ተጫዋች ኳሱን በተዳፋት አሸንዳ ላይ፣ በራሱ ላይ በታሰረ ዘንግ ገፍቶ ይለቀዋል። ረዳቱ አሸንዳውን በታዘዘው አቅጣጫ ያቃናል፤ ሆኖም ጀርባውን ለሜዳው ሰጥቶ ስለሚቀመጥ የጨዋታውን አካሄድ አያይም። ውሳኔው የተጫዋቹ ብቻ ነው። ያየሽም ስትሮጥ ከመሪ ሯጯ ጋር በአንዲት ገመድ ተያይዛ ነው። እንግዲህ እውነተኛ ድጋፍ ማለት እጅን አውሶ ፈቃድን ለባለቤቱ መተው ነው።

ይህን በአዋሽ ሸለቆ ለመጀመር የግድ ታላቅ ስታዲየም አያስፈልግም። የአፋር ሕዝብ ኮዕሶ የተባለ ባህላዊ የኳስ ጨዋታ ያለው እንደመሆኑ መጠን ኳስ ለሸለቆው እንግዳ አይደለም። ትንንሽ ኳሶችን ከቆዳ ወይም ከጨርቅ መስፋት ይቻላል፤ አንድ የብረታ ብረት ሠራተኛም ቧንቧ ለሁለት ሰንጥቆ አሸንዳ ሊሠራ ይችላል። ሙቀቱን ግን መናቅ አይገባም። የአንገት አከርካሪው የተጎዳ ሰው ከጉዳቱ በታች ያለው ገላው በሚገባ ስለማያልበው፣ ሌላው ሰው በሚቋቋመው ሙቀት እርሱ ሊታመም ይችላል። በመሆኑም ጨዋታው ማለዳ ወይም ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ በጥላ ሥር፣ ውኃና እርጥብ ጨርቅ ተዘጋጅቶ መካሄድ ይኖርበታል። በፀሐይ የጋለ የተሽከርካሪ ወንበር ብረትም ሳይሰማው ገላውን እንዳያቃጥል መሸፈን አለበት።

ከዚህ አንጻር የሠፈር ማኅበራት፣ ዕድሮችና ሠራተኞች ኃላፊነት ግልጽ ነው። መንገደኛ ከመንገደኛ ወሬ የሚለዋወጥበት ዳጉ፣ በየቤቱ ተዘግቶ የተቀመጠው ወገናችን ማን እንደሆነም ይንገረን። ከዚያም ወደ ቤቱ ሄደን፣ በቅድሚያ እርሱን ራሱን፣ ቀጥሎም ቤተሰቡን እንጠይቅ፤ ለሴቶችም ሴት ረዳቶችን እንመድብ። ከሥራ መልስ በሳምንት ሁለት ሰዓት የሚሰጥ ሠራተኛ፣ መድረሻውን መንገድ ከድንጋይ የሚያጸዳ ወጣት፣ ጥላ የሚተክል ማኅበር ከተገኘ ሜዳው ተዘጋጀ ማለት ነው።

የአንድ ማኅበረሰብ ብርታት የሚለካው በፈጣኑ ሯጭ ብቻ ሳይሆን፣ አንዲት ኳስ ለመግፋት ረጅም ደቂቃ የሚፈጅበትን ሰው በትዕግሥት በመጠበቁ ጭምር ነው። ስለዚህ የተዘጋው በር ይከፈት! ሜዳው የሁሉም ይሁን!